ቀን ላልተቆረጠለት ፈተና ፕሮግራም ማውጣት

በአዊ ዞን፣ በግምጃ ቤት ከተማ የሚያስተምር መምህር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ቢያስብ፣ ጓደኞቹ አስቀድመው የሚጠይቁት «ጋት ወስደሃል?» ብለው ነው። ጋት ማለት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ አመልካቾች ይሰጠው የነበረውን ዓይነት ፈተና፣ ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ አድርጎታል። ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በኮምፒውተር ይሰጣል።

በ2015 ሐምሌ የተጀመረውን የመውጫ ፈተና የወሰደ ሰው ጋትንም የዚያ ታናሽ ወንድም አድርጎ ያየዋል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። የመውጫ ፈተና የተማርከውን ሙያ ይጠይቃል፤ ባዮሎጂ ያጠና ባዮሎጂን፣ አካውንቲንግ ያጠና አካውንቲንግን። ጋት የሚፈትነው እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳትን፣ በቁጥር ማሰብንና ከተሰጠ ሐሳብ ትክክለኛውን መደምደሚያ ማውጣትን ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ሃንድአውት ከሳጥን አውጥቶ ከምዕራፍ አንድ መጀመር ድካም ብቻ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚያመለክቱ ልጆች የሚወስዱት ጂአርኢ የዚህ ፈተና የሩቅ ዘመድ ነው። ከመስከረም 2016 ጀምሮ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል፤ በቋንቋ 27፣ በሒሳብ 27 ጥያቄና አንድ ጽሑፍ አለው። የጂአርኢ ተፈታኝ ግን አንድ ትልቅ ዕድል አለው፦ ቀኑን ራሱ ይመርጣል። ካልተመቸው 21 ቀን ቆይቶ ደግሞ መውሰድ ይችላል። መጻሕፍት ላይ የምናየው «የሦስት ወር ፕሮግራም» የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። የኛ ተፈታኝ ጥሪ ይጠብቃል፤ ጥሪው ሲመጣም ከምዝገባ እስከ ፈተና ያለው ጊዜ ሰፊ አይደለም። ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ፕሮግራም ማውጣት እዚህ ላይ ይከሽፋል፤ የሚቆጠርበት ቀን የለማ!

መላው ፕሮግራሙን ሁለት አድርጎ መክፈል ነው። አንደኛው ቀን የማይፈልግ፣ ዓመቱን ሙሉ በትንሹ የሚሄድ ነው፤ በሳምንት አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ሁለተኛው ማስታወቂያው በወጣ ዕለት የሚከፈት የጥቂት ሳምንት ሩጫ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ ጥሪ ሲሰማ ይደነግጣል።

ሰዓቱን ስትቆጥር ለራስህ አትዋሽ። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ምኞታቸውን እንጂ ያለፈ ልምዳቸውን አላሰሉም። አዊ ውስጥ የሚኖር ሰው ጥርን ብቻ ይመልከት። ወሩ ሊገባ ሲል ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ ጥር 11 ጥምቀት፤ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 23፣ በ1932 የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። በዚያ ላይ ወሩ የሠርግ ወር ነው፤ ዘመድ ጠርቶህ «ፈተና አለብኝ» ማለት አይሆንልህም፤ ብትልም አይገባቸውም። ፈተናው በየካቲት ይሆናል ብለህ ከጠረጠርክ ጥርን እንደ ግማሽ ወር ቁጠረው። መምህር ከሆንክ የሴሚስተር ፈተና ማረሚያ ሳምንትንም ጨርሰህ ሰርዘው። በአንጻሩ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡም ሰውን ቤት ያውላል። የአንደኛው ክፍል ዋና ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ሰዓት ይዞ ሙሉ ሞዴል ፈተና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ምንም ሳያጠኑ። ውጤቱ ሊያሳፍር ይችላል፤ ማንም አያየውም። የሚፈለገው ነጥቡ ሳይሆን የስህተቱ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንውሰድ፦ የአንድ ኩንታል ድንች ዋጋ በ25 በመቶ ጨመረ፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ በስንት በመቶ መቀነስ አለበት? ብዙ ሰው 25 ይላል። ዋጋው 2,000 ብር ነበር ብንል 2,500 ይሆናል፤ ለመመለስ 500 መቀነስ አለበት፤ 500 ደግሞ የ2,500 20 በመቶ ነው። እዚህ የተሳሳተው ሰው ፐርሰንት ስለማያውቅ አይደለም፤ «ከየትኛው ላይ?» ብሎ ስላልጠየቀ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ «ፐርሰንት፣ ሁለት ሳምንት» ብሎ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ደብተር ተገዝቶ «ከየትኛው ላይ?» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሌላውም ስህተት እንዲሁ በአጭሩ ይመዘገባል። ከወር በኋላ የሚጠናው ይህ ደብተር ነው።

የቋንቋው ክፍል ለብቻው ማሰብን ይጠይቃል። በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአውኝ ቋንቋ ይሰጣል፤ አማርኛው ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ የሚሆንበት ተፈታኝ ብዙ ነው። እንደኔ ግምት እንዲህ ያለው ሰው ከአንደኛው ክፍል ሰዓት ግማሹን ለንባብ ቢሰጥ አይጎዳም፤ የሒሳቡ ሕግ በጥቂት ሳምንት ይታደሳል፣ ረጅም የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሳይደክሙ ማንበብ ግን ወራት ይፈልጋል። የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ደግሞ ትርፉ ትንሽ ነው።

ያነበቡትን መቼ ይደግሙታል? በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ትልቅ ሙከራ መልሱ በፈተናው ርቀት እንደሚወሰን አሳይቷል፦ ፈተናው ከሳምንት በኋላ ከሆነ በማግሥቱ መድገም፣ ከ35 ቀን በኋላ ከሆነ 11 ቀን ገደማ ቆይቶ መድገም ይሻላል። ቀኑን የማያውቅ ሰው የትኛውን ይያዝ? ያው ሙከራ ድግግሞሹን ከሚገባው በላይ ማቀራረብ ከማራራቅ ይልቅ እንደሚጎዳ አሳይቷል፤ ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ወደ ስህተቱ ደብተር መመለስ ያዋጣል። ሲመለሱም መልሱን ሸፍነው እንደገና መሥራት እንጂ በዓይን ማለፍ አይጠቅምም።

መሣሪያውንም አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አስቀምጦ «ስፈልግ አወርደዋለሁ» ያለ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል። ዋና ዋናውን አሳትሞ መያዝ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይነበባል።

ጥሪው ሲወጣ መጀመሪያ ምዝገባና ክፍያ ይጨረሳል። ከዚያ አዲስ ምዕራፍ አይከፈትም። በየሦስት ወይም በአራት ቀኑ አንድ ሙሉ ሞዴል ፈተና በሰዓት ይሠራል፤ በመሀል ያሉት ቀናት ለደብተሩ ናቸው። ቢያንስ አንዱ ሞዴል ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ አንቀጹን ስክሪን ላይ እያነበቡ ስሌቱን ወረቀት ላይ መሥራት ያልለመደውን ያዘገያል። የፈተናው ጣቢያ ያለበት ከተማ ሩቅ ከሆነ አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ማደር ነው፤ የመኪናውንና የመንገዱን ነገር ጠዋት ላይ መጀመር አይበጅም።

ውጤቱ ከ50 በታች ከመጣ የሚዘጋው ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። ሳምንታዊው አራት ሰዓት ይቀጥላል፤ የፈተናው ዕለት ጊዜ የበሉት የጥያቄ ዓይነቶች ሳይረሱ በዚያው ምሽት ደብተሩ ላይ ይጻፋሉ።