የሃይላንድ ጠርሙስ የመርከብ መስኮት ሲሆን

አያቴ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። ሳሎናችን ውስጥ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ እያስታወሱ ከእንጨት የሠሯት ሞዴል አለች። እውነተኛዋ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተሰጠች ስትሆን ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች። ለአያቴ የተረፈቻቸው ይህችው 95 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ሞዴል ናት።

ባለፈው ክረምት አቧራ ስጠርግ የመሪው ክፍል የፊት መስኮት እጄ ላይ ተሰበረ። ክብ ዞር ያለ፣ ወይቦ የደረቀ ፕላስቲክ ነበር። አያቴ አልተቆጡም፤ ስባሪውን ለቅመው ፖስታ ውስጥ ከተቱት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር! ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ ብርሃን አሳላፊ ዕቃ ከገበያ ካልተገኘ እንዴት ይሠራል?

ልክ

ስባሪው አይጣልም። ፀሐይና ዕድሜ ፕላስቲክን ያወይቡታል፣ ያደርቁታልም፤ ልኩ ግን አሁንም እሱው ላይ ነው። ቁርጥራጩን በፕላስተር አገጣጥሜ በወረቀት ላይ አነሣሁት።

እንጨቱ

ቀጥሎ ፕላስቲኩ የሚለብሰው የእንጨት ቅርጽ ይጠረባል። እኔ የወይራ ቁራጭ ተጠቀምኩ፤ ጠንካራ ስለሆነ ጥሩ ይለሰልሳል። ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ከላይ ስለሚደረብ እንጨቱ በፕላስቲኩ ውፍረት ያህል ማነስ አለበት። ሁለተኛ፣ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ካላለ ፕላስቲኩ ከበረደ በኋላ አይወጣም። የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምሮ እስከ ደቃቁ ማስኬድ የግድ ነው። ቀለም የሚቀባ ዕቃ ቢሆን ጭረቱ ይሸፈን ነበር፤ መስታወት መሳይ ነገር ግን የእንጨቱን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። የመጀመሪያው ሥራዬ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ቸኩዬ ነበር።

ሙቀቱ

የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፒ.ኢ.ቲ. ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ለስልሶ፣ በአየር ተነፍቶና ተለጥጦ ነው ጠርሙስ የሚሆነው። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እንደገና ሲለሰልስ ያ የተለጠጠው መሰብሰብ ይጀምራል። ውስጡ እንጨት ካለ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። ሙያው በሙሉ ይቺው ናት።

ከጠርሙሱ መስመር የሌለበትን ለስላሳ ክፍል ቆርጬ እንጨቱ ላይ አጠለቅኩና ሰፈራችን ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ሄድኩ። ሙቅ አየር የሚነፋውን መሣሪያውን አስፈቀድኩት። «ሃይላንድ ልትጠግን መጣህ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ፈቀደ። ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም፤ እየዞረ ነው የሚሄደው። ከበዛ ፕላስቲኩ እንደ ወተት ይነጣል፤ አንዴ ከነጣ ደግሞ አይመለስም። ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈትም አይረሳ።

ትልቅና ጥልቅ ቅርጽ ለሚፈልግ ይህ ዘዴ አይበቃም። ያን ጊዜ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ተግሎ እንጨቱ ላይ ይዘረጋና አየሩ ከሥር በተበሳሳ ሳጥን በኩል ይመጠጣል። ለቤት ሥራ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይበቃዋል።

ማጣበቂያው

ሲበርድ በምላጭ ቆርጬ ጠርዙን አለሰለስኩት። ከዚያ ግን ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ፤ በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት። በማግሥቱ መስኮቱ ጉም ለብሶ ተገኘ። ለካ የሱፐር ግሉ ትነት ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ነጭ ሽፋን ይሆናል። ሦስተኛውን ሠርቼ በነጭ የእንጨት ኮላ አጣበቅኩት። እሱ ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ የተረፈውም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

አያቴ ሞዴሏን ወደ መስኮት አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩ። «ከምንድን ነው?» አሉኝ።

«ከሃይላንድ ነው፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከኋላ ባሉት በወየቡት መስኮቶች ላይ አሳርፈው፣ «እነዚህንስ መቼ ነው የምትሠራቸው?» አሉ። አሁን አልጋዬ ሥር አራት ባዶ ጠርሙስ አለ።