የልደት ስጦታ፦ ሴት በግ ወይስ የባንክ ደብተር?

ጋሸና የመንገድ ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው «የቻይና መንገድ» ከላሊበላው መታጠፊያ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ላሊበላ ላይ የክርስቶስ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት ታኅሣሥ 29 በአንድነት ስለሚከበሩ፣ ወሩ ሲጋመስ ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጣው ምእመን በዚሁ ያልፋል። ከመካከሉ በአካባቢው የወንድም ወይም የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ባዶ እጁን ቤት አይገባም። ምን ይዞ ይግባ የሚለው ግን የሒሳብ ጥያቄ ነው።

ኬክና ሻማ ያለው ልደት የከተማ ወግ ነው። በገጠሩ የተወለደበትን ቀን በውል የማያውቅ ብዙ ነው፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እንኳ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በደጋው የስጦታው ቀን ክርስትና ነው፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን። የሚሰጠውም ብዙውን ጊዜ የሚረባ ነገር ነው፦ አቅም ያለው ጥጃ፣ ሌላው ሴት በግ፣ ያጣ ዶሮ።

የከተማው ዘመድ በአንጻሩ ለልጁ የባንክ ደብተር ማስከፈት ይቀናዋል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚህ ስሌት 1,000 ብር በ10 ዓመት 1,967 ብር ይሆናል። ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢጨምር ግን ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ 318 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። ሃያ በመቶ የተጋነነ ግምት አይደለም፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በግ ግን ዋጋዋ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል።

በጓ የምትረባው ጠባቂ ስታገኝ ነው። ለዚህ አገሩ የቆየ ውል አለው፤ ርቢ ይባላል። ባለቤቱ እናቲቱን ይሰጣል፣ አርቢው ይጠብቃል፣ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። በግ የምታረግዘው 5 ወር ነው፤ በደጋው ግጦሽ በዓመት አንድ ግልገል ብትወልድ ደህና ነው። በ5 ዓመት አራት ጊዜ ብትወልድና ሁሉም ቢያድጉ ሁለቱ ለአርቢው፣ ሁለቱና እናቲቱ ለልጁ ይሆናሉ። «ቢያድጉ» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። የጉበት ትልና የበግ ፈንጣጣ አሉ፤ ክትባቱንና መድኃኒቱን ማን ይከፍላል የሚለው ከመጀመሪያው ካልተነገረ ውሉ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

የሚገዛበት ወቅትም ዋጋ አለው። ለገና የሚሻማው ገዢ የሚፈልገው ሙክትና ወጠጤ ነው፤ ስለዚህ ሴቷ በዚያ ሰሞን የበዓሉን ያህል አትወደድም። አስተዋይ ገዢ ግን ሐምሌና ነሐሴን ይጠብቃል። ጎተራው ሲጎድል ገበሬው እህል ለመሸመት በግ ያወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ሣሩም አለ። (በሰው ችግር ጊዜ መግዛት ደስ አይልም፤ ነገር ግን በዚያ ወር ገዢ የሌለው ሻጭ ይብሳል።)

ባንክ የማያውቀው ስጋትም አለ። በ1977ቱ ድርቅ የላስታና የዋድላ መንጋ አልቋል። በ2013 ማብቂያና በ2014 መግቢያ ጋሸና የጦር ግንባር በነበረችበት ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ እንስሳ ተዘርፏል፣ ታርዷል። የደብተሩ ብር በንረት ቢሳሳም ማንም አያርደውም።

ከሁሉም የሚከብደው የባለቤትነቱ ነገር ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ንብረቱን የሚያስተዳድሩለት ወላጆቹ ወይም ሞግዚቱ ናቸው። ለማዳበሪያ ወይም ለሕክምና ብር ሲያጥር መጀመሪያ ወደ ገበያ የምትነዳው ብዙ ጊዜ «የልጁ» የተባለችው በግ ናት። ይህን እንደ ክፋት ማየት አያስፈልግም፤ ሰጪው ግን በሰው ፊት «የእሷ ናት» ብሎ ቢያስረክብና ቢሸጧት በምትኳ ግልገል እንዲገዛ ቢስማማ ይሻላል።

ለጨቅላ ልጅ እንግዲህ ሴት በግ ትበልጣለች፤ ለመርባት ጊዜ አላት። ለ10 ዓመቱ ተማሪ ግን ሒሳቡ ይለያል። አርቢ ከሌለ የሚጠብቃት እሱ ራሱ ነው፤ ስጦታው ከክፍል ያስቀረዋል። ለእሱ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ለደጋው ብርድም ጫማና ሹራብ ይገዛለታል።