ድባቴና የሕይወት ዓላማ በአፋር ቆላ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በተዘረጋው ቆላ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት፣ ሌሊቱን በደጅ ሲገላበጥ ያነጋን ሰው ሐኪም «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ መልሱ ስለ ነፍሱ ከሚገልጸው ይልቅ ስለ አየሩ ጠባይ የሚገልጸው ይበዛል፤ «ጧት ሲነሡ የሚነሡለት ጉዳይ አለዎት?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ ግን፣ መልሱ ከአየሩ አልፎ ወደ ልቡና ይዘልቃል።

ሐኪሞች ድባቴን የሚለዩት በዘጠኝ ምልክቶች ነው፤ እነርሱም የስሜት መጨለም፣ የፍላጎት መጥፋት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ ድካም፣ ራስን ከንቱ ማድረግ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የሰውነት መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ሞትንም መመኘት ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ሳይጎድል፣ ለ2 ሳምንት ከጸኑ ደዌው ድባቴ ይባላል። ነገር ግን ሁለት ሕሙማን በአንድ ስም ተጠርተው ሕመማቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል፤ ኤይኮ ፍሪድና ራንዶልፍ ኔሲ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከታከሙ 3,703 ሕሙማን መካከል 1,030 ልዩ ልዩ የምልክት ጥምረቶችን አግኝተዋል።

የሕይወት ዓላማ የምንለው፣ ሰው ዕለታዊ ድካሙን ከሩቅ ግብ ጋር አያይዞ መኖሩ ፋይዳ እንዳለው የሚያምንበት ጽናት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከ66 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ዓላማው የጸና ሰው ድባቴው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ በምልክቶቹ ሁሉ ላይ እኩል ይሆናል ማለት አይደለም፤ ድካምና የእንቅልፍ እጦት ከወባም፣ ከደም ማነስም፣ ከሙቀትም ሊመጡ ሲችሉ፣ የፍላጎት መጥፋትና ራስን ከንቱ ማድረግ ግን የዓላማን ሥር በቀጥታ ይነካሉ። እንዲያውም እነዚህ ሁለት ምልክቶችና ዓላማ ማጣት እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ተመራማሪው አንዱን ነገር በሁለት ስም ሁለት ጊዜ እንዳይለካ መጠንቀቅ አለበት።

ይህ የምልክቶች ልዩነት በአፋር ሸለቆ ጎልቶ ይታያል። ለአርብቶ አደሩ ግመል ሀብት ብቻ ሳይሆን የጋብቻ፣ የካሳና የእንግዳ ክብር መሠረት ስለ ሆነች፣ ድርቅ መንጋውን የፈጀበት፣ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ግጦሹን የወረሰበት፣ ወይም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከቀዬው ከተነሡት በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ የሆነ አባወራ፣ ከንብረቱ ጋር የሚኖርበትንም ምክንያት ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የተሰጠውን በልቶ፣ ተኝቶ እያደረ፣ መንገደኛ መጥቶ ዳጉ የተባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ሲጀመር ስለ ዝናቡም ስለ ግጦሹም መጠየቅ ቢተው፣ እንቅልፉን ብቻ የሚጠይቅ መርማሪ ሕመሙን ይስታል።

ምክንያቱና ውጤቱ ግን በሁለቱም ወገን ይመላለሳሉ፤ ዓላማ ማጣት ድባቴን እንደሚጠራ፣ ድባቴም ራሱ የነበረውን ዓላማ ይሰውራል። ስለዚህ የታመመውን ሰው «ዓላማ ይኑርህ» ብሎ መገሠጽ በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ የሚበጀው በንግግር ሕክምና፣ ባስፈለገም ጊዜ በመድኃኒት ረድቶ፣ ቀድሞ ይወደው ከነበረው ሥራ ጥቂቱን እንደገና እንዲጀምር ማድረግ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከዘመዶችህ አንዱ ከንቱ ነኝ ማለት ወይም ሞትን መመኘት የጀመረ እንደ ሆነ፣ ያልፍለታል ብለህ አትጠብቅ፤ ብቻውን ሳትተው ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰደው።