ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና የሕዝብ እንደራሴነት

የሕዝብ እንደራሴ ማለት በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ፣ በሕዝብ ስም ስለ ሕግ የሚመክር ሰው ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ግን እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ይህ ሕግ በ1948 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ ወንዱም ሴቱም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። ይሁን እንጂ በወረቀት የሰፈረ መብት ብቻውን ፍሬ አያፈራም፤ ደፍሮ የሚሠራበት ሰው ያስፈልገዋል። ከሴቶች ወገን በዚህ መብት ቀድመው ከተጠቀሙት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ትምህርት ወዳድ ስለ ነበሩ፣ ልጃቸውን ወደ ስዊስ አገር ልከው አስተማሩ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ወይዘሮ ስንዱ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በመጨረሻም በጠላት እጅ ወድቀው፣ ባሕር ተሻግረው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነፃነት በኋላ የመረጡት ሥራ መምህርነትን ነው። በደሴ ካስተማሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ ከእርሳቸው በፊት ይህን ኃላፊነት የያዘች ኢትዮጵያዊት አልነበረችም። ልጃገረዶችን ከማስተማራቸውም ሌላ ተውኔት ይጽፉ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ ተወዳድረው አሸነፉ። 210 መቀመጫ በነበረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ፤ በምክትል ፕሬዚዳንትነትም አገለገሉ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በየቤቱ በሚነገርበት ዘመን፣ ሴት በምክር ቤት ተቀምጣ ስለ አገር ሕግ መምከሯ ቀላል ነገር አልነበረም። ኋላም በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል።

ወይዘሮ ስንዱ በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ በምክር ቤት ተመርጠው ርእሰ ብሔር ሆኑ። ሕግ በር ይከፍታል፤ መንገዱ የሚቀናው ግን ቀድሞ በሚገባ ሰው ነው።

መልመጃ
1. «በወረቀት የሰፈረ መብት ብቻውን ፍሬ አያፈራም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በምሳሌ አብራሩ።
2. በዳንግላ፣ በእንጅባራ ወይም በምትኖሩበት ቀበሌ ለሕዝብ ጉዳይ የሠሩ አንዲት እናት ጠይቃችሁ፣ የሥራ ታሪካቸውን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።