አይጥን ራሳችንን ሳንጎዳ ከቤት ማስወገድ

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ዝግጅት የተላለፈ ትምህርት)

የዛሬው ርዕሳችን ሌሊት እንቅልፍ ስለምትነሳንና የራሽን ከረጢታችንን ስለምትቀድብን አይጥ ነው። አይጥ የምታበላሸው ዱቄት ብቻ አይደለም፤ በሽታም ታመጣለች። አያያዟን ሳናውቅ ከተነሳን ደግሞ የምንጎዳው እኛው ነን።

ምን በሽታ ታመጣለች?

የአይጥ ሽንት የነካው ውሃ ወይም ጭቃ በቆሰለ እግር፣ በዓይን ወይም በአፍ ሲገባ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስይዛል። ምልክቶቹ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የባት ሕመምና የዓይን መቅላት ናቸው፤ ሲብስ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ወባ ነው ብላችሁ ቤት አትቆዩ። የአይጥ ቁንጫ ደግሞ ቸነፈር ሊያስተላልፍ ይችላል። ቸነፈር የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በታንዛኒያ ሉሾቶ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ በተደጋጋሚ ሰው አሟል።

በመጀመሪያ ምግቡን ዝጉባት

ወጥመድ ብቻውን አይበቃም። አይጥ በሦስት ሳምንት እርግዝና ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ትወልዳለች። ዱቄቱ ክፍት ከሆነ አንዷን ስንይዝ ሌላዋ ትተካለች። ስለዚህ ማሽላውንና ዱቄቱን ክዳን ባለው ባልዲ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ከረጢቱን ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉ። ቀዳዳዎችን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ዘርግታችሁ ምቱባቸው፤ ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትገባለችና።

ወጥመድ ስናጠምድ

1. አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ትሄዳለች። ወጥመዱን በግድግዳ ሥር፣ ምግቡ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙራችሁ አስቀምጡ።

2. ትልልቆቹ አይጦች አዲስ ነገር ይፈራሉ። ለሁለት ሦስት ሌሊት ወጥመዱን ሳትወጥሩ ምግብ ብቻ አድርጉበት። መብላት ሲለምዱ ወጥሩት።

3. ጥቂት የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም የደረቀ ዓሣ ይበቃል። ይዛው እንዳትሄድ ዓሣውን በክር እሰሩት።

4. ልጆች ከተኙ በኋላ ወጥሩ፤ ሳይነሱ አንሱት። ሕፃን ከሚተኛበት አጠገብ ከቶ አታድርጉ።

የሞተችውን ስታነሱ

በባዶ እጅ አትንኳት። አይጧ ስትሞት ቁንጫዋ ሌላ ደም ፍለጋ ትቷት ይወጣል፤ ስለዚህ ሳትቆዩ አንሷት። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ያዙና በሌላ ፌስታል ቋጥሩ፤ ከውሃ ቦኖ ርቃችሁ ከአንድ ክንድ በላይ ቆፍራችሁ ቅበሩ። የአይጥ ዓይነ ምድር በደረቁ አይጠረግም፤ ብናኙ በትንፋሽ ይገባል። አንድ ስኒ በረኪና በዘጠኝ ስኒ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሱ። ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን

‹‹በሳጥን ወጥመድ በሕይወት ከተያዘች ሜዳ ወስጄ ብለቃትስ?››

አትልቀቋት። ቅርብ ከለቀቃችኋት ልትመለስ ትችላለች፤ ርቃችሁ ከለቀቃችኋት የሌላ ስደተኛ ቤት ትገባለች። እጃችሁን ሳታስገቡ ከነሳጥኑ ወደ ብሎካችሁ የጽዳት ሠራተኞች ውሰዱ። ማሰቃየትም አይገባም፤ ወዲያው የሚገድል ባለሞላ ወጥመድ ይሻላል።

‹‹መርዝስ?››

በገበያ ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ስም የሌለው መርዝ አትግዙ። ሕፃን ምግብ መስሎት ይበላዋል። ልጅ መርዝ ከዋጠ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ መርዙ የነበረበትን መያዣ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ሩጡ። የሕመም ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ።

‹‹ሰው ከነከሰችስ?››

ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል። የልጆችን እጅና አፍ ከመኝታ በፊት እጠቡ፤ አይጥ የምግብ ሽታ ተከትላ ትነክሳለችና።

ማስጠንቀቂያ

ያለወጥመድና ያለመርዝ የሞቱ ብዙ አይጦች ካያችሁ ማጥመድ አቁሙ። አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለጤና ሠራተኛ ወዲያው ተናገሩ። ይህ የቸነፈር ምልክት ሊሆን ይችላል። በሰፈሩ ትኩሳት ያለው፣ ብሽሽቱ ወይም ብብቱ ያበጠ ሰው ካለ በዚያው ቀን ክሊኒክ ይድረስ። ቸነፈር በጊዜ ከታከመ በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን ይገድላል።

በመጨረሻም፣ አንድ ቤት ብቻውን ቢያጠምድ አይጧ ከጎረቤት ትመለሳለች። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተማክራችሁ በአንድ ሳምንት ምግቡን ዝጉ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ወጥመዱን አጥምዱ። ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው።