በሊማሊሞ መንገድ ቀርፋፋ የጭነት መኪናን ደርቦ መቅደምና የሚያስከትለው ጉዳት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚዘልቀው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ደባርቅን እንዳለፈ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። በድንገተኛ ክፍል መዝገብ ላይ «የመኪና አደጋ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ መገልበጥ አለ፣ እግረኛን መግጨት አለ፣ የፍሬን እምቢ ማለት አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ቀርፋፋ የጭነት መኪናን ደርቦ ለመቅደም ሲሞከር በሚደርሰው የፊት ለፊት ግጭት ላይ ነው።

የጭነት መኪና በአቀበት የሚዘገየው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ነው። የሕሙማንን የኦክስጅን መጠን ስንለካ የምናስታውሰው ይህ ጉዳይ ሞተርንም ይመለከታል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ትክክለኛ አነዳድ ነው። ስለዚህ ዝግታው ጥፋት አይደለም፤ አደጋው የሚጀምረው ከኋላ ያለው ሾፌር ትዕግሥቱን ሲጨርስ ነው።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚያዘግምን ባለተሳቢ በ40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶቡስ ሊቀድመው ቢፈልግ፣ የሁለቱን ርዝመትና አስፈላጊውን ክፍተት ጨምሮ 60 ሜትር ያህል ሊበልጠው ይገባል እንበል። ይህ 11 ሴኮንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ አውቶቡሱ 120 ሜትር ሲጓዝ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከፊት የሚመጣው 180 ሜትር ይቀርባል፤ በድምሩ 300 ሜትር የጠራ እይታ ያስፈልጋል። ቀዳሚው በ25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሌላ የጭነት መኪና ቢሆንስ? 43 ሴኮንድ በተቃራኒው መሥመር ይቆያል፤ የሚያስፈልገውም ባዶ መንገድ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሊማሊሞ ኩርባዎች መካከል ይህን ያህል የሚታይ መንገድ አይገኝም፤ ጉም ሲወርድማ መንገሩም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሁለቱ አቅጣጫዎች በአካፋይ ስለተለያዩ፣ እንዲህ ያለው አቀዳደም ከኋላ ያሉትን ያዘገያል ወይም ከኋላ ያስገጫል እንጂ ፊት ለፊት አያጋጭም።

በፊት ለፊት ግጭት የሁለቱ ፍጥነት ይደመራል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም በቀላሉ ተሽከርካሪ ውስጥ ያሉት ናቸው። የሾፌሩን ደረት መሪው ይመታዋል። ጉልበቱ ብቻ የቆሰለ የሚመስለው የጋቢና ተሳፋሪ ዳሌው ወደ ኋላ ወልቆ ሊሆን ስለሚችል ጉልበቱን አጥቦ ማሰናበት አይገባም። ቀበቶ ያላሰሩ የኋላ ተሳፋሪዎች ወደ ፊት ተወርውረው ራሳቸውንና አንገታቸውን ይጎዳሉ። እየተናገረና እየተራመደ የመጣ ሰው ጣፊያው ሊደማ ይችላል፤ ወደ ጎንደር የሚላክ ከሆነ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ከመነሣቱ በፊት ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

በዐሥረኛው የዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ቪ74 ማለት ከከባድ መኪና ወይም ከአውቶቡስ ጋር በተደረገ ግጭት የተጎዳ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ማለት ነው፤ ማን ሲደርብ እንደ ነበር ግን አይናገርም። ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ልደትና ሞት እየተመዘገበ የሚጠናባት ወረዳ ናት፤ የመመዝገብ ልማድ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ሾፌሩ መናገር ባይችል ወይም ባይፈልግ ረዳቱን ወይም የጋቢና ተሳፋሪውን መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ለሕክምና እንጂ ለክስ አለመሆኑ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ከዚያም በመዝገቡ ላይ «የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ከጭነት መኪና ጋር ፊት ለፊት፣ አውቶቡሱ ሲደርብ፣ ከደባርቅ በታች ሁለተኛው ኩርባ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የመንገድ መሐንዲሱ ለዝግተኛ መኪኖች ተጨማሪ መሥመር የት እንደሚያስፈልግ ከዚያ ያነባል።