የማያስነጥስ ውሻ አለ እንዴ?

‹‹ላብራዱድል ግዛ፤ አለርጂ አይነካህም›› የሚሉ ሰዎች ስለሚያጋጥሙኝ የዚህን ክልስ ውሻ ነገር ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ አውስትራሊያ። ሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ያስፈልጋታል፤ ባሏ ግን አለርጂ አለበት። ያው ‹‹ወይ ባልሽን ወይ ውሻውን ምረጪ›› እንደማለት ነው! የመሪ ውሾች ማኅበር አርቢው ላብራዶርን ከትልቁ ፑድል አዳቀለና ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። ጸጉራቸውና ምራቃቸው ተልኮ ሲሞከር ለባልየው የተስማማው የአንዱ ብቻ ሆነ። ልብ በሉ፣ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው!

ለምን ቢባል፣ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው በምራቁና በቆዳው ፎረፎር ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ጸጉሩ ባይረግፍስ፣ ይልሳችሁ የለ? ደግሞም ክልስ ነውና አንዱ ፑድሉን ይመስላል፤ ሌላው ላብራዶሩን ይመስልና ሶፋችሁን ጸጉር በጸጉር ያደርገዋል።

ተጫዋችና ቶሎ የሚማር ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ሁለቱም ዘሮች ለአዳኞች ከውሃ ላይ ዳክዬ ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቆልፎበት ከዋለ ጫማችሁን ቢበላ አልፈርድበትም። ጥቅልል ጸጉሩም ካልተበጠረ ይቋጠራል።

አርቢው ራሱ ኋላ ላይ ተጸጽቷል፤ ሰዉ ለገንዘብ ብሎ ጤናቸውን ሳያስመረምር ያገኘውን ሁሉ ማዳቀል ጀመረና!

እንግዲህ ቤታችሁ የሚያስነጥስ ሰው ካለ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ከዚያው ከምትገዙት ቡችላ ጋር ደጋግማችሁ አገናኙት፤ እጁን ይላሰው፣ እቅፉ ውስጥ ይተኛ። ዓይኑ ከቀላ ቡችላውን ለባለቤቱ ተዉለት። አስም ካለበት ግን ሙከራው ይቅርና መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።